የሦስት ሰዓቱ እርማት

ጋዜጣው ሦስተኛ ገጽ ላይ «ዕለቷ» የምትባል፣ መዳፍ የማታህል ዓምድ አለች። አንድ ያልተለመደ ቃል ከነፍቺው፣ አንድ የሚያስገርም ነገር፣ በዚያው ቀን ድሮ የሆነ አንድ ታሪክ፤ በቃ፣ ይኸው ነው። አዘጋጇ ግን በዚህች ቁራጭ የተነሳ እህል አልወርድ ካላት ሰንብቷል።

ሰኞ ዕለት «ወጋገን» የሚለው ቃል «ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚታይ ብርሃን» ተብሎ ወጣ። ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ። ስልኩ ያለው አራሚዋ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ እሷ አነሳችው።

«እሺ… እሺ… ይታረማል» አለችና ዘግታ አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገች። ጉንፋኑ አልለቅ ብሏታል።

«ማን ነው?»

«ያ ደብዳቤ ይልኩልን የነበሩት ጡረተኛው መምህር ናቸው፣ እትዬ። ወጋገን የንጋት ነው እንጂ የምሽት አይደለም አሉ።»

«እኔስ የንጋት ብዬ አይደል የጻፍኩት?» አለች አዘጋጇ። የሰማት የለም።

ማክሰኞ ደግሞ ንብ አራት ዐይን አላት ተባለ። ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«አምስት ነው አሉ» አለች አራሚዋ።

«እኔ የሰጠሁት ወረቀት ላይም አምስት ነው። አንዱን ዐይኗን ማን አወጣው?»

ከወዲያ ጥግ ተየቢው ሳቀ። ጣቱ ስለሚፈጥን «ሮኬት» ይሉታል፤ ራሰ በራ፣ ነገር የማያልፈው ሰው ነው። የ«ዕለቷ»ን ቦታ እሱ ለሚያዘጋጀው አግድም ወደ ታች የቃላት ጨዋታ ሲመኘው ዓመት አልፎታል።

«ጠቅሳን ይሆናላ፣ እትዬ። አንዱን ጨፍና።»

አዘጋጇ በሆዷ «አምላኬ፣ አንደበቴን ያዝልኝ» አለች። ያዘላት፤ ግን ለጥቂት ነበር።

ረቡዕ ጠዋት አለቃው አስጠራት።

«አንድ ስህተት ከተደገመ ዓምዷ ትዘጋለች። አራሚዋም ትሰናበታለች። ፊርማው የእሷ ነው።»

«ልጆች ታሳድጋለች እኮ።»

«ታዲያ አርማ ታሳድግ።»

ተመልሳ ስትነግራት አራሚዋ ፊቷ ገረጣ። አዘጋጇ ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት።

«አንቺ አይደለሽም፣ የኔ እናት። አንብበሽ ከፈረምሽ በኋላ የሚነካካው ሰው አለ» አለች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ወደ ጥግ እያየች።

«እኔን ነው?» አለ ሮኬት።

«ሌላ ተየቢ አለን?»

በማግስቱ የምትወጣው «ዕለቷ» ሰው መጀመሪያ ጨረቃን ስለረገጠባት ቀን ነበረች። አዘጋጇ ሮኬትን ከወንበሩ አስነሳችው። በሁለት ጣቷ ፊደሉን እየለቀመች፣ እሱ ከኋላዋ እየተቁነጠነጠ፣ ራሷ ተየበችው፦ «የሄዱት ሦስት ነበሩ፤ የረገጧት ሁለቱ ናቸው፤ አንደኛው ከላይ እየዞረ ጠበቃቸው።» አራት ጊዜ አነበበችው። አራሚዋም አይታ ፈረመችና እንደ ወትሮዋ ወረቀቱንና ቀይ እስክሪብቶዋን ይዛ ወደ ማተሚያ ክፍል ልትወርድ ተነሳች።

«አምጪው፤ ዛሬ ማተሚያ ክፍል የማወርደው እኔ ነኝ።»

«እኔ ልውሰደው፣ እትዬ። ደረጃው ጉልበትዎን…»

«ጉልበቴ የራሱ ጉዳይ።»

ሐሙስ ጠዋት ጋዜጣውን በር ላይ እንደቆመች ገለጠችው። ሦስት ሄዱ፣ ሁለት ረገጡ። አንዲት ነጥብ አልተዛነፈችም።

«አየህ?» አለችው ሮኬትን። «አንተ ሳትነካው ልክ ሆኖ ወጣ።»

ሮኬት ራሰ በራውን እያሻሸ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ቀልድ ሲያጣ ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ስልኩ ጮኸ።

«እሺ… እሺ… ይታረማል» አለች አራሚዋ።

አዘጋጇ ጋዜጣውን ጨበጠችው። «ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ?»

«የሄዱት ሦስት፣ የረገጡት ሁለት ናቸው አሉ» አለች አራሚዋ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ።

«እኛስ ምን አልን?»

አራሚዋ አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገች። የአለቃው ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ስልኩን ሰምቶ ከሆነ ገጹን ገልጦ እስኪያይ አይጠብቅም፤ ልጅቷን ያሰናብታታል። አዘጋጇ መምህሩ ድሮ ከላኩት ደብዳቤ ላይ አድራሻቸውን ገለበጠችና ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ወጣች።

በሩን የከፈቱላት ሸሚዛቸውን አሳምረው የተኮሱ፣ ቀይ እስክሪብቶ ደረት ኪሳቸው ላይ የሰኩ ሽማግሌ ናቸው።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ታጋሽ ሴት ነበርኩ» አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «የዛሬውን ስህተት በጣትዎ ያሳዩኝ። በእርስዎ ስልክ የተነሳ የሁለት ልጆች እናት እንጀራዋን ልታጣ ነው።»

ሽማግሌው በሩን እንደያዙ ቀሩ።

«ሁለት ሆኑ?» አሉ።

«ስህተቱን ነው የጠየቅሁዎ፣ አባባ።»

«ስህተት የለውም። አምስት ጊዜ አነበብኩት፤ ምንም አጣሁበት» አሉ፣ ቅር ያላቸው ይመስል።

«ታዲያ ለምን ደወሉ?»

«ስልኩን የምታነሳው ልጄ ናት። ላላናግራት ከማልኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ማረም ግን ማናገር አይደለም።»