የጠዋት ፀሐይ

ሐኪሙ በልጇ ግንባርና ጆሮ ላይ ያሉትን ሻካራ ቅርፊቶች በጣቱ ዳሰሰ። «ካንሰር አይደለም፤ ቸል ከተባለ ግን ወደዚያ ሊሄድ ይችላል። በጣም በቀዘቀዘ ፈሳሽ አቃጥለን እናነሳዋለን» አለ። «ለዓመታት የተጠራቀመ የፀሐይ ጉዳት ነው። በልጅነትህ ፀሐይ ላይ ትውል ነበር?»

እናትየው የነጠላዋን ጫፍ ያዘች። ልጇ ቆዳውም ጸጉሩም ነጭ ሆኖ ሲወለድ፣ ጎረቤቷ እትዬ ድንቄ «ሳይበስል ወጥቶ ነው፤ ፀሐይ ያበስለዋል» ብለዋት ነበር። ሌሎች እናቶች ጨቅላቸውን ቅቤ ቀብተው፣ የጠዋት ፀሐይ ጥቂት አሙቀው ያስገባሉ። እሷ ግን ቅቤውን ቀብታ እስከ ቀትር ታቆየዋለች። ሲያለቅስ ታገላብጠዋለች። ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ አልተወችም፤ እሱም አልጠቆረላትም።

ልትናገር አፏን ስትከፍት ልጇ ቀደማት።

«ኳስ ነው፣ ዶክተር። እሷማ እየጎተተች ታስገባኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

ሐኪሙ ወደ እሷ ዞረ። «እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ ይብስ ነበር፣ እናቴ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

ከወጡ በኋላ ኮሪደሩ ላይ የሕክምናውን ተራ እየጠበቁ ተቀመጡ። ቆይታ፣ ፊቱን ሳታይ፣ «ኳስ መቼ ተጫውተህ ታውቃለህ? ዓይንህ ኳሷን መች ያያታል?» አለችው።

ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ቅቤው ዓይኔ ሲገባ በነጠላሽ ትጠርጊልኝ ነበር» አላት።