የሚታይ ሰው አይለቀስም

አባቴ አጥናፉ ከነጠፈር መርከቡ ወደ ጥቁሩ ጉድጓድ መውደቅ ሲጀምር ስድስት ዓመቴ ነበር። ዛሬ አርባ አንድ ሞልቶኛል፤ እሱ ግን ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ፣ በሠላሳ አራት ዓመቱ፣ እጁን ወደ እኛ እንዳነሳ አለ። እዚያ ጊዜ ስለሚዘገይ የኛ ዕድሜ ለእሱ አንድ ትንፋሽ አይሞላም። አባቴ አሁን ታናሼ ነው።

የእድራችን ዳኛ ጋሽ ይፍሩ፣ «የሚታይ ሰው አይለቀስም» ብለው ድንኳን ከለከሉን። እናቴም ጥቁር አልለበሰችም። ይልቁንስ እሑድ እሑድ ጸጉሯን ጥቁር ቀለም እቀባትና ከጠፈር በስክሪን የሚደርሰን የአባቴ ምስል ፊት ትቀመጣለች።

«ድንገት ቢያየኝ፣ ይህቺ አሮጊት ማን ናት እንዳይል» ትላለች።

ምስሉ ግን በየዓመቱ እንደ ፍም እየቀላ፣ እየደበዘዘ ሄደ።

ባለፈው እሑድ ቀለሙን በጥብጬ ስገባ የአባቴ ምስል ጨርሶ ጠፍቶ ስክሪኑ ጨልሟል። ትንሽ ቆይቶ ጋሽ ይፍሩ ድንኳን አሸክመው መጡና አንገታቸውን ደፍተው በሩ ላይ ቆሙ።

እናቴ አላለቀሰችም። የቀለሙን ሳህን ከእጄ ተቀብላ መሬት አስቀመጠችው።

«ተይው ልጄ» አለችኝ፣ የጸጉሯን ነጭ ሥር በጣቷ እየዳበሰች። «እንግዲህ ላርጅ።»