ምድር የምትጎትተው ሰዓት

አሮጊቷ ጉልበቷን እየረገመች፣ የልጅ ልጇን ልትሸኝ ከሸጎሌ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ወረደች። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና የልጅቷን ቦርሳ ያዘች።

«እማማ፣ ታክሲ ያመልጠኛል!»

«ቁጭ በይ! ምድር ጊዜንም ትጎትታለች፤ እታች ሰዓት ይዘገያል፣ እላይ ይፈጥናል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

ልጅቷ ሳቀች። «እሱማ እውነት ነው። ልዩነቱ ግን በዓይን አይታይም።»

«የቸኮለ ሰው ምን ያያል?»

ልጅቷ አጠገቧ ጥቂት ተቀመጠች። ከዚያ ጉንጯን ሳመቻትና «እሑድ እመጣለሁ» ብላ ሮጠች።

አሮጊቷ ተነሥታ ደረጃውን ብቻዋን ወጣች። የራሷን በር አልፋ እስከ መጨረሻው ፎቅ ደረሰችና ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች።

«ማንን ፈልገው ነው፣ እማማ?» አለቻት አንዲት ጎረቤት።

«እሑድን! እዚህ ቶሎ ይመጣል፤ ምን አገባሽ?»