የጥር ሃያ አራት ሰርግ

ዓለም ከተገለበጠች ወዲህ፣ ሰው ላይ ያረፈ ዱላም ሆነ ጥይት በየዓመቱ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ መቺ ሳይኖር ተመልሶ ያርፋል። ታላቅ ወንድሜ ጓንጉል በወሰን ጠብ መንጋጋዬን የሰበረው ጥር ሃያ አራት ነው። አባታችን ያኔ «አንተ ነህ የነካካኸው» ብሎ ፈረደለት። በየዓመቱ ያን ቀን ባለቤቴ አበሩ ምንጣፉን ጠቅልላ ታነሳለች፤ ደም አይለቅማ። የጎረቤታችን የይመኑም እግር በጦርነት በጥይት የተመታው በዚሁ ቀን ስለሆነ፣ ሰፈሩ ጩኸት በጩኸት ነው።

ዘንድሮ የልጄን የሜላትን ሰርግ በዚያ ቀን አደረግሁት።

«አንተ ሰውዬ፣ ሌላ ቀን ጠፋ?» አለች አበሩ።

«ጓንጉል ከነካባው ከፊት ይቀመጣል። እንግዳው ሁሉ የእጁን ሥራ ይይለት!»

ሰዓቱ ሲደርስ ድንኳኑ መሃል ቆምኩ። ጓንጉል አንገቱን ደፋ። ደስ አለኝ። ሜላት ግን ከሙሽራው ጎን ተነስታ መጣች።

«አባባ፣ ዛሬስ ብቻህን አትመታም» ብላ መንጋጋዬን በመዳፏ ደገፈችው።

«ልቀቂኝ!» ብዬ ሳልጨርስ ዱላው አረፈ። ጣቶቿ እንደ ጭራሮ ሲሰበሩ ጆሮዬ ስር ሰማሁ። ነጭ ቀሚሷ በእኔ ደም ራሰ።

ጓንጉል ተንበርክኮ «ይቅር በለኝ» እያለ አነባ። ዕድሜ ልኬን የጠበቅኳት ቃል ነበረች፤ ማን ሰማት? ከእንግዲህ ጥር ሃያ አራት የሜላትም ነው።

ግራ የተጋቡ አንድ ሽማግሌ፣ አፋቸው እንደለመደው «ዓመት ዓመት ያድርስሽ፣ ልጄ» አሏት።

ሜላት የተሰበረ እጇን ደረቷ ላይ ይዛ እኔን አየችኝ።

«አያድርሰኝ» አለች።