ገደ ቢሱ እጮኛ

ሰማያዊዎቹ የዓመቱን የመጀመሪያ ጨዋታ በአንድ ነጥብ ተሸነፉ። ሰባ ለሰባ አንድ። ያውም በቀዮቹ፤ ያውም ሊያልቅ ሁለት ሰከንድ ሲቀረው ከመሐል ሜዳ በተወረወረች ኳስ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የሰፈሩ ደጋፊ አንገቱን ደፍቶ ሶፋ ሠሪው ቤት ተሰበሰበ። የቅርጫት ኳስ የሚታየው እዚያ ነው። ሊታደሱ የመጡ ሶፋዎች ቴሌቪዥኑ ፊት ይደረደራሉ፤ አንዱ ጨርቁ ተገፎ፣ አንዱ ስፖንጁ ተዘርግፎ። ታዲያ ሁሉም የራሱ ቦታ አለው፤ የሌላው ላይ መቀመጥ ያጣላል።

ሽንፈቱ ሶፋ ሠሪውን ያህል የጣለው ያለ አይመስልም ነበር። ያቺ ኳስ ስትገባ ሁለት እጁን ሰቅሎ ከመቀመጫው ተስፈነጠረና ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ ጮኸ። ከዚያ ፊቱን በሽርጡ ሸፍኖ ቁጭ አለ፤ ትከሻው ይርገፈገፋል። ፖስተኛው «አይዞህ ወንድሜ፣ ገና አንድ ጨዋታ ነው» እያለ ጀርባውን ሲደባብሰው ነበር። ሰዉ ከሄደ በኋላም የመጨረሻዋን ደቂቃ ብቻውን አራት ጊዜ መላልሶ አየ። «ስህተታችንን ማወቅ አለብን» አለ፣ ሚስቱ ምን እያደረገ እንደሆነ ስትጠይቀው።

ሰውየው እንዲህ ነው። ቡድኑ ሲሸነፍ ድምፁ ይዘጋል። ሲያሸንፍ ደግሞ ራሱን ያመውና ጋደም ይላል። «ደስታ አይችልም የኔ ሰው» ትላለች ሚስቱ።

እሷ የክለቡ የመጀመሪያ አምበል ልጅ ናት። ቤቷ ከመጋረጃው እስከ ጥርስ ብሩሹ ሰማያዊ ነው። ሲጋቡ ሰማያዊውን ሻርፕ በእጇ አንገቱ ላይ አሰረችለት፤ ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየጨዋታው ታስርለታለች። ጠበቅ አድርጋ።

ያን ቀን መጀመሪያ የተሰደበው አሰልጣኙ ነው። ቀጥሎ ዳኛው።

«ሰውየው እኮ አያይም!» አለ ፖስተኛው። ዞር ብሎም የሶፋ ሠሪውን ልጅ እጮኛ፣ መነጽር ሠሪውን፣ «አንተ ዘንድ ይላክልን፣ በነጻ ትለካዋለህ» አለው።

እጮኛው ፈገግ አለ። ሌላ ፈገግ ያለ አልነበረም።

ጡረተኛው መምህር ደብተሩን ገለጠ። የአሥር ዓመት ውጤት፣ ማን የት እንደተቀመጠ ጭምር፣ እዚያ ላይ ሰፍሯል። «እስቲ ረጋ ብለን እናስብ። አምና የመክፈቻውን አሸነፍን። ካቻምናም አሸነፍን። አሰልጣኙ ያው ነው፣ እኛም ያው ነን። ትናንት አዲስ የነበረው ነገር ምንድነው?»

ሁሉም ቀስ እያለ ወደ አረንጓዴው ሶፋ ዞረ። ሶፋው ላይ እጮኛው ነበር።

«እኔ… ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ መምጣቴ ነበር» አለ እጮኛው።

«እሱን እኮ ነው የምለው» አለ መምህሩ።

«ቀዮቹ ሲያገቡ አጨብጭቦ ነበር» አለ ፖስተኛው። «በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«ዝንብ ነው የመታሁት።»

«በዚህ ብርድ? ዝንብ?»

የሶፋ ሠሪው ልጅ ከእጮኛዋ ጎን ፊቷ አመድ መሰለ። ሠርጋቸው ሁለት ወር ቀርቶታል። «እማዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው» አለች።

«ጨዋታ?» እናትየው ተነሣች። «አያትሽ ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ውጤቱ ነው! አፈር ስሆን እንዲህ አትበይኝ።» ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «አንተ አባት ነህ። ለብቻው አድርገህ ጠይቀው። ገደ ቢስ ብቻ ከሆነ ኩሽና ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል፣ ምንም አይደል። ቀይ ከሆነ ግን ሠርግ የሚባል ነገር የለም፤ ከዚያው ሸኘው!»

ሶፋ ሠሪው በተዘጋ ድምፁ «እሺ» አለ።

ሁሉንም እየነዳች ወደ ግቢ አስወጣቻቸው። ልጅቷ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ አባቷን አየችው። እሱ ግን አጎንብሶ የወንበር እግር ላይ ሚስማር እየመታ ነበር።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ሶፋ ሠሪው በከንፈሩ የያዛቸውን ሚስማሮች አንድ በአንድ አውጥቶ መዳፉ ላይ አኖራቸው።

«እውነቱን ንገረኝ። የማን ነህ?»

እጮኛው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። መልሶ አደረገው። ላብ አጥምቆታል።

«ጋሼ፣ ልጅዎን ከነፍሴ አብልጬ ነው የምወዳት። ቤትዎ ገብቼ ሰማያዊ ነኝ ብዬ ብምል ሁሉም ነገር ይቀለኝ ነበር። ግን እየዋሸሁ አማች መሆን አልፈልግም። ከልጅነቴ ጀምሮ ቀይ ነኝ።»

ሶፋ ሠሪው መዳፉ ላይ ያሉትን ሚስማሮች ኪሱ ከተተ።

«ዝንብም አልነበረም» አለ እጮኛው። አንዴ ከጀመረ መቆም አቃተው፤ ድምፁም ከፍ፣ ከፍ እያለ ሄደ። «ያቺ ኳስ ስትገባማ በሕይወቴ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም! ይቅር ይበሉኝ፣ ግን እንዴት ያለች ኳስ ነበረች!»

ሶፋ ሠሪው መዶሻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ወደ በሩ ሄዶ በስንጥቁ ግቢውን ተመለከተ። ቁልፉን ሁለቴ አዞረው። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እጮኛው መጣ፤ እጮኛው ጀርባው ግድግዳው ላይ እስኪለጠፍ ድረስ ወደ ኋላ ሸሸ። ሶፋ ሠሪው ትከሻውን ጨምድዶ ያዘውና አፉን ወደ ጆሮው አስጠጋ።

«ቀስ ብለህ አውራ እንጂ፣ ልጄ! እሷ ከሰማች እኮ የምታባርረን ሁለታችንንም ነው።»