«ጋሼ በይ»

«አባዬ» ትለዋለች ልጄ፣ የጀዋርን ሱሪ ጨብጣ። ጀዋር ኩንታል በርበሬ ተሸክሞ ጎንበስ እንዳለ «ወዬ ልጄ» ይላታል። የበርበሬ በረንዳው በሙሉ ይስቃል።

ሀኒ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ገና አፏን እየፈታች ነው። ድመቱም፣ በጉም፣ ጭነት የሚያመላልሰው አህያም ለእሷ «ውሮ» ነው። ወንድ ሁሉ ደግሞ «አባዬ»። አጠገቤ የምትቀነጥሰው ሀፍሷ «ኧረ ስንት አባት ነው ያላት?» እያለች ታሾፍብኛለች። እኔም ዛላውን እየቀነጠስኩ አብሬ እስቃለሁ። ይሄ ሳቄ ያስጠላኛል።

አባቷ ዘመድኩን ነው፤ የምንቀነጥሰው በርበሬ ባለቤት። ሰው ፊት «ጋሼ» እለዋለሁ። ባለፈው ሳምንት መጋዘን ውስጥ «ሐሙስ ወረዳ ሄደን በስሜ አስመዘግባታለሁ፤ ለእስከዳርም እነግራታለሁ» ብሎኛል። ነገ ሐሙስ ነው።

አሁን ከሚስቱ ከእስከዳር ጋር እየመጣ ነው። የዓመት በርበሬዋን ልትመርጥ ነው የመጣችው። ሀኒ አየችውና ከኬሻው ላይ ተንሸራታ ወረደች። እጄን ብዘረጋ እይዛታለሁ። አልዘረጋሁም። ምን እንደሚላት ማወቅ አለብኝ።

ጉልበቱን አቀፈችው። «አባዬ።»

«እርስዎም ደረሰዎት፣ ጋሼ» አለ አንዱ ተሸካሚ። እስከዳርም ሳቀች፤ ክፋት የሌለው ሳቅ ነበር። እሱ ግን ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ ሳቀ። ከዚያ ቁጢጥ አለና ጣቶቿን ከሱሪው ላይ አንድ በአንድ አላቀቃቸው።

«አባዬ አይባልም፣ የኔ ቆንጆ። ጋሼ በይ። ጋ... ሼ።» ከኪሱ ከረሜላ አወጣ፤ እስክትለው ድረስ ግን አልሰጣትም።

«ዳሼ» አለች።

«ጎበዝ!»

አጨበጨቡላት። ሀፍሷም አጨበጨበች። ዘመድኩን ተነስቶ ትንንሽ ጣቶቿ ያረፉበትን ቦታ በመሃረብ ጠረገ፤ እኔን ቀና ብሎም አላየኝ። ይሄን ሰው አቅፌ አድሬ እንደማውቅ ሳስብ ገላዬ ቀፈፈኝ። ለሐሙስ ብዬ የወረዳውን ሰልፍ ሳስብ ከርሜ ነበር። ከእንግዲህ ብቻዬን እንደምሰለፍ ገባኝ።

ሚስቱ ዛላ እየሰበረች ታሸታለች። እሱ ከጎኗ ቆሞ ስለ ዘንድሮው በርበሬ ያወራል፤ ድምፁ እንኳ አልተለወጠም።

ጀዋር ጭነቱን አራግፎ፣ ባዶ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጥሎ ተመለሰ። ላቡን በእጅጌው ጠረገና እንደ ሁልጊዜው ሁለት እጁን ዘረጋላት።

«የታለች ልጄ?»

ሀኒ ከረሜላዋን ጉንጯ ውስጥ ወትፋ ቀና ብላ አየችው። አዲስ የተማረችውን ለማሳየት ቸኩላለች።

«ዳሼ» አለችው።

ጀዋር እጁን እንደዘረጋ ቀረ።