ሦስተኛው ስልክ

ጡረታ የወጣው የጂኦግራፊ መምህር ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ሐይቅና ባሕር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲስል ኖሮ፣ በስተርጅናው አንዲት አሮጌ የመዝናኛ ጀልባ ገዛ። ብቻውን አይደለም፤ ከልጅነት ጓደኛው ከመካኒኩ ጋር ተጋርቶ ነው። መካኒኩን የሰፈሩ ሰው «ብሎን» ይለዋል። አንዴ ከያዘ አይለቅም ለማለት ነው።

ሞተሩን ሁለቱ ፈትተው ገጠሙት። ቁልፉም ሁለት ነበር፤ አንዱ በመምህሩ ኪስ፣ አንዱ በብሎን ኪስ።

የመምህሩ ባለቤት ግን አንድ ቀን እንኳ ጀልባዋን ረግጣ አታውቅም። ውኃ ያዞራታል። ደግሞም ጀልባዎቹ የሚቆሙት ከገደል ሥር ስለሆነ ኔትወርክ የሚባል ነገር ዝር አይልም። «ልጄ ብትደውል በምን ልሰማት ነው?» ትላለች። አንዲት ልጃቸው ሌላ ከተማ ትሠራለች፤ እሑድ እሑድ ጠዋት በቪዲዮ ትደውላለች።

መምህሩ ለዚች ሰበብ መላ አገኘላት። ጀልባዋ ላይ ዋይፋይ ሊያስገባ ቆረጠ። ለባለቤቱ ትንፍሽ አላለም፤ አንድ ቀን ድንገት ሊያስደስታት ነው።

የኢንተርኔት ሠራተኛው መጥቶ ምሰሶው ጫፍ ላይ አንቴና ሰቀለ። ራውተሩን ሊያስር ወደ ታችኛው ክፍል ሲገባ ግንባሩን ከበሩ ጉበን ጋር ክፉኛ አላተመ።

ብሎን በሳቅ ፈረሰ። «አይዞህ፣ አዲስ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሷን ሳይስም አይገባም!»

እውነቱን ነው። መምህሩ ራሱ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ጊዜ ተላትሟል።

«ጋሼ፣» አለ ሠራተኛው ግንባሩን እያሻሸ፣ «ፓስወርዱን አንዴ ያስገቡበት ስልክ ከዚያ ወዲያ ጀልባዋ ላይ እንደወጡ በራሱ ይገናኛል። ያላስገቡበት ግን ቢለምኑትም አይገባም።»

ፓስወርዱ ፊደልና ቁጥር የተደበላለቀበት ረጅም ነገር ነበር። መምህሩ በወረቀት ጽፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ብሎንም ስልኩ ላይ አስገባ።

«ከሁለታችን እንዳይወጣ» አለ መምህሩ።

«ከኔ ብትወጣ ምን አለ በለኝ!» አለ ብሎን።

ወር አለፈ። ሠራተኛው አንቴናውን ሊያይ ተመልሶ መጣና ስልኩ ላይ አፍጥጦ ቀረ።

«ጋሼ፣ የሚጠቀሙት ሦስት ሰዎች ናችሁ እንዴ?»

«ሁለት ነን።»

«ይኸው ሦስተኛ ስልክ። ረቡዕ ረቡዕ ነው የሚገባው፤ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት። ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው።»

ረቡዕ ከሰዓት መምህሩ ለወገቡ ሕክምና የሚሄድበት ቀን ነው። እሱ ቢረሳ እንኳ ባለቤቱ አትረሳለትም፤ ምሳውን እንደበላ ጃኬቱን አቀብላ እስከ በር ትሸኘዋለች።

መምህሩ ጀልባዋን ፈተሸ። ትራሶቹ ቦታ ቀይረዋል። ነዳጁ ግን እሑድ ከተወው አንዲት ጣት አልጎደለም። «ተንኮለኛ!» አለ ለራሱ። «ያቃጠለውን መልሶ እየሞላልኝ ነው!» ጓደኛው ጀልባዋን ከጀርባው እያከራየ መሆኑን አልተጠራጠረም። በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄደ።

ብሎን ከመኪና ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር።

«ረቡዕ ረቡዕ ጀልባችን ላይ ማነው የሚገባው?» አለው መምህሩ፣ ሰላምታ ሳይሰጠው።

ብሎን ፊቱ አመድ መሰለ። ጨርቁ ከእጁ ወደቀ።

«ማን... ምን አልክ?»

«ለሰው እንደምታከራያት ደርሼበታለሁ። እንዳትክደኝ!»

ብሎን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ፊቱ ላይ ደም ተመለሰ።

«አዎ» አለ። «አከራይቻታለሁ። ጥፋተኛ ነኝ፣ ወንድሜ።»

መምህሩ ክርክር ነበር የጠበቀው። ቢክደው ይሻለው ነበር። አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው የተማሩ፣ ሃምሳ ዓመት ሚስጥር የተካፈሉ ሰዎች ናቸው። አባቱ የሞቱ ጊዜ አስከሬናቸውን ከፊት ሆኖ የተሸከመው ይኸው ሰው ነው። ነገሩ አንገበገበው።

«ቁልፉን አምጣ» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ አንተዋወቅም።»

ብሎን ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው።

ቤት ገብቶ ለባለቤቱ ሲነግራት ሳህን እያጠበች ነበር። ቧንቧውን ዘጋችው።

«ማከራየቱን ራሱ ነው የነገረህ? በአፉ?»

«በአፉ! ዓይኔን እያየ!»

እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «በቃ ተወው፣ ሆዴ» አለችው ቀጥሎ። «ለሱ ብለህ አትንገብገብ። እሑድ እኔ አብሬህ እወጣለሁ።»

መምህሩ እንባው መጣ። ስንት ዓመት ለምኗት እንቢ ያለች ሴት፣ እሱ ሲከዳ ጊዜ ውኃውን ልትደፍርለት ነው። አንድ እውነተኛ ሰው ቀርቶልኛል አለ በሆዱ። ሠራተኛው ፓስወርዱን ለመቀየር ሰኞ ይመጣል፤ ይህን እሑድ በአሮጌውም ቢሆን ያስደስታታል።

እሑድ ጠዋት ክንዱን አጥብቃ ይዛ ጀልባዋ ላይ ወጣች። ወደ ታችኛው ክፍል ስትወርድ፣ «ግንባርሽን!» ሊላት አፉን ሲከፍት ጎንበስ ብላ ገብታለች። ተከትሏት ገባና ከጎኗ ተቀመጠ።

«አሁን ዓይንሽን ጨፍኚ» አላት እንደ ልጅ እየተፍለቀለቀ። «ከእንግዲህ ሰበብ የለሽም።»

ጨፈነች። ከቦርሳው የታጠፈውን ወረቀት አውጥቶ ዘረጋና መነጽሩን አጠለቀ።

የመጀመሪያውን ፊደል ሳይጠራላት፣ እቅፏ ውስጥ ስልኳ ጮኸ፤ ልጃቸው ነበረች፣ በቪዲዮ።